የእርድ እንክብል ሲወስዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዲት እናት ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ገቡ። ከያዙት ፌስታል ውስጥ አንድ ጠርሙስ አውጥተው ፊቴ አስቀመጡ። በላዩ የእርድ ሥር ተሥሎበታል። “ልጄ፣ ይኼን ልጄ ከውጭ አገር ልኮልኝ ለጉልበቴ እየዋጥኩት ነው። ከጾሙ ጋር ይሄዳል ወይ?” አሉኝ። የእንክብሉ ሽፋን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ከሚወጣ ጄላቲን የተሠራ መሆኑን ሰምተው ኖሮ ያሳሰባቸው እሱ ነበር። እኔን ግን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው፤ እኚህ እናት ለልባቸው ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስዱ ደንበኛችን ናቸው።

በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን መሰል ጠርሙስ ይዘው የሚመጡ ሰዎች በርክተዋል። የሚሠሩት ስህተትም ተመሳሳይ ነው፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ልጻፈው።

የድስቱን እርድና የጠርሙሱን እንክብል አንድ አድርጎ ማየት

“እርድ ምን ክፉ አለው? አልጫ ውስጥ ስበላው አይደል የኖርኩት!” ይላሉ ሁሉም። አልጫውስ እውነት ነው፣ ክፉ የለውም። ነገር ግን እንክብሉ ውስጥ ያለው እርድ ሳይሆን ከእርድ ተነጥሎ የወጣ ኩርኩሚን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ለእርድ ቢጫ ቀለሙን የሚሰጠውም እሱ ነው። ከደረቅ እርድ ውስጥ ኩርኩሚኑ ከመቶ 3 እጅ ያህል ብቻ ነው።

እስኪ እናስላው። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ 3 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በውስጡ 90 ሚሊግራም የሚሆን ኩርኩሚን አለ። ያ ማንኪያ ለስድስት ሰው በተሠራ የክክ አልጫ ውስጥ ቢገባ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 15 ሚሊግራም ነው። የእኚያ እናት ጠርሙስ ግን በአንዱ እንክብል 500 ሚሊግራም፣ ከዚያም ውስጥ 95 በመቶው ኩርኩሚንና ዘመዶቹ እንደሆነ ይናገራል። አንዷን እንክብል ሲውጡ ከ30 ሰው በላይ ድርሻ በአንድ ጉርሻ ዋጡ ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ በቀን ሁለት ይወስዱ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ባለሙያዎች ኩርኩሚን ለምግብ ማቅለሚያነት ሲውል በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ3 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስነዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 180 ሚሊግራም መሆኑ ነው። በጥናቶች ላይ ከዚህ የበለጠ መጠን በሐኪም ክትትል ለሳምንታት ተሰጥቷል፤ ክትትል የሚለው ቃል ግን ጠርሙሱ ላይ አልተጻፈም።

ለሐኪምና ለፋርማሲስት አለመናገር

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነው። “ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?” ተብለው ሲጠየቁ ሰዎች እርዱን አይቆጥሩትም፤ መድኃኒት አይመስላቸውማ።

እኚያን እናት “ጥርስዎን ሲፍቁ ደም ያያሉ?” አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ከመቀነታቸው ሥር መፋቂያቸውን አወጡ። የታኘከው ጫፍ እንደ ብሩሽ ተበትኗል፤ በቃጫዎቹ መካከል የደረቀ ቡናማ ደም ነበረበት። “ይኼን ሰሞን እንዲህ ያደርገኛል፣ መፋቂያው ጠንክሮ መስሎኝ” አሉ። እንክብሉን ከጀመሩ 12 ቀናቸው ነበር።

ኩርኩሚን በራሱ የደም መርጋትን ሊያዳክም ይችላል፤ ከዋርፋሪን፣ ከአስፒሪን ወይም ከክሎፒዶግሬል ጋር ሲደራረብ መድማት ሊያስከትል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የኒውዚላንድ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ዋርፋሪን ይወስድ የነበረ አንድ ሕመምተኛ የእርድ ማሟያ በጀመረ በሳምንታት ውስጥ አይኤንአር የተባለው የደም መርጊያ ልኩ ከ10 በላይ መውጣቱን አሳውቋል። ዋርፋሪን የሚወስዱ ብዙ ሕሙማን ልካቸው መሆን የሚገባው ከ2 እስከ 3 ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ደሙ ለመርጋት ይዘገያል። እናታችንን ያን ቀን ወደ ሐኪማቸው ላክናቸው፤ ደማቸው ከልክ በላይ ቀጥኖ ተገኘ፣ እንክብሉም ቆመ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ደህና ናቸው።

የስኳር መድኃኒት የሚወስዱም ይጠንቀቁ፤ ስኳሩ ከሚገባው በላይ ሊወርድባቸው ይችላል። ቀዶ ሕክምና የተቀጠረለት ሰው ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ያቁም። ሐኪም ጋ ሲሄዱ ስሙን በቃል ከመንገር ጠርሙሱን ራሱን ይዘው ይሂዱ።

የቁንዶ በርበሬውን ጽሑፍ ሳያነቡ ማለፍ

ኩርኩሚን ብቻውን ሲዋጥ ደም ውስጥ የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ አንጀትና ጉበት ወዲያው ለውጠው ያስወግዱታል። እ.ኤ.አ. በ1998 በሕንድ ባንጋሎር ተመራማሪዎች ለጤነኛ ሰዎች 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊግራም ፒፐሪን ጋር ሰጡ። ፒፐሪን ቁንዶ በርበሬን የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ነው። ወደ ደም የገባው ኩርኩሚን በ2000 በመቶ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ አምራቾች ፒፐሪንን በእንክብሉ ይጨምራሉ።

ችግሩ ፒፐሪን ጉበትን የሚያዘገየው ለኩርኩሚን ብቻ አለመሆኑ ነው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ፌኒቶይንና ለደም ግፊት የሚሰጠውን ፕሮፕራኖሎል በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። የጡት ካንሰር መድኃኒት የሆነውን ታሞክሲፈንን በተመለከተ ደግሞ በተቃራኒው፣ ኩርኩሚንና ፒፐሪን ተጣምረው የሚሠራውን የመድኃኒቱን ክፍል ሲቀንሱት ታይቷል። ታሞክሲፈን የምትወስድ እህት ካለችዎት ይህን ዛሬውኑ ይንገሯት።

የዓይን መቢጨትን ችላ ማለት

በአሜሪካ በመድኃኒት የሚመጣ የጉበት ጉዳትን የሚከታተሉ ሐኪሞች ከ2004 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ጉዳታቸው ከእርድ ማሟያ ጋር የተያያዘ 10 ሕሙማንን መዝግበዋል። አምስቱ ሆስፒታል ተኝተዋል፣ አንድ ሰው ሞቷል። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከጀመሩ ከአንድ እስከ አራት ወር ውስጥ ነው። ሽንት ከጠቆረ፣ ሰውነት ካሳከከ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ እንክብሉን ያቁሙና ወደ ሐኪም ይሂዱ። የወፍ በሽታ ነው ብለው ሥር ፍለጋ ቀናት አያባክኑ።

የታዘዘን መድኃኒት ትቶ በእርድ መተካት

ጥቅም የለውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2014 ታይላንድ ውስጥ የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ባለባቸው 367 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት በቀን 1500 ሚሊግራም ከእርድ ተነጥሎ የወጣ ንጥረ ነገር ለአራት ሳምንት የወሰዱት ሰዎች 1200 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ከወሰዱት ጋር የሚቀራረብ እፎይታ አግኝተዋል፤ የሆድ ሕመሙም አንሶላቸዋል። እዚያው አገር በ2023 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ለጨጓራ መታወክ ኩርኩሚንን ኦሜፕራዞል ከተባለው የጨጓራ አሲድ መቀነሻ መድኃኒት ጋር አወዳድሮ ተቀራራቢ ውጤት አግኝቷል። ሁለቱም ለሳምንታት የቆዩ ጥናቶች ናቸው።

“ካንሰር ያድናል” የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የካንሰር ሕዋስን መግደል ሰውን ማዳን አይደለም። ኩርኩሚን ራሱ ብርሃን የሚያመነጭና ከብዙ ፕሮቲን ጋር የሚጣበቅ ስለሆነ የላቦራቶሪ ምርመራን በቀላሉ ያሳስታል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የኬሚስቶች ግምገማ ይህን በዝርዝር አሳይቷል። በዚህ ተስፋ ኬሞቴራፒውን ያቋረጠ ሰው አይቻለሁ፤ ልቤን ሰብሮታል።

ሌሎች ጥቂቶች

የሐሞት ጠጠር ያለበት አይውሰደው፤ ኩርኩሚን የሐሞት ከረጢትን ያኮማትራል። ነፍሰ ጡር ሴትም እንክብሉን አትውሰድ፤ በወጥ የሚገባው ይበቃታል። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው በባዶ ሆዱ ከዋጠው ያቅለሸልሸዋል፤ ዘይት ካለው ምግብ ጋር ቢሆን ይሻላል።

ቢጫነቱ የደመቀውን እርድ መምረጥ

እኚያ እናት ሲወጡ “ይኼንስ ተውኩት፣ ለአልጫው ግን ልግዛ?” አሉኝ። ይግዙ አልኳቸው። በባንግላዴሽ እርድ እንዲደምቅ ሊድ ክሮሜት የተባለ፣ እርሳስ ከሚባለው መርዛማ ብረት የተሠራ ቀለም ይቀባ እንደነበር በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አጋልጧል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። እዚያ የተቀባው ዱቄቱ ብቻ ሳይሆን ሥሩም ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ገበያ ሲሄዱ የተፈጨውን ትተው ከእነቴፒ አካባቢ የሚመጣውን ደረቅ ሥር ይጠይቁ፤ ሥሩንም አይተው ይምረጡ። ያልተነካካ ሥር ውጪው ደብዛዛና አፈር የመሰለ ነው፤ ሲሰበር ውስጡ ብርቱካንማ ይሆናል። ውጪው አንጸባራቂ ቢጫ ሆኖ ጣትዎን ካቀለመ መልሰው ያስቀምጡት። ጥሩውን ካገኙ አጥበው፣ አድርቀው፣ ራስዎ ቆመው ወፍጮ ቤት ያስፈጩ።