የአንዲትን የሞርሞን ፈር ቀዳጅ ሴት ጓዳ ከመዛግብት አንብቦ ለመጻፍ

ከ1847 ጀምሮ የባቡር ሐዲድ አሜሪካን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ እስካገናኘበት እስከ 1869 ድረስ፣ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አባላት፣ በተለምዶ ሞርሞን የሚባሉት፣ በበሬ በሚጎተት ሰረገላና በእጅ በሚገፋ ጋሪ ዛሬ ዩታ ወደሚባለው አገር ፈልሰዋል። ስለ እነዚህ ፈር ቀዳጆች የሚጻፈው በአብዛኛው የመሪዎቹን ገድል፣ የጉዞውን መከራና ብዙ ሚስት የማግባትን ልማድ የሚያነሣ ሲሆን፣ ዳቦውን የጋገረችው፣ ሳሙናውን ያፈላችውና አራሷን የጠየቀችው ሴት ግን ብዙ ጊዜ ስሟ እንኳ አይነሣም። ይህ ጽሑፍ ከእነዚያ ሴቶች የአንዷን የቤት ኑሮና ቤተሰብ አጥንቶ ለመጻፍ ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ መመሪያ ነው። በእኔ አስተያየት ትክክለኛው መግቢያ ሃይማኖቷም ጋብቻዋም ሳይሆን የዕለት ሥራዋ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደኖረ፣ ማን ማንን እንደረዳና ማን ከማን እንደተቀያየመ ከምንም በላይ የሚታወቀው ማን ምን እንደሠራ ሲታወቅ ነውና። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አንዲት ሴት ይምረጡ፤ «የሞርሞን ሴቶች» ብለው በጅምላ አይጀምሩ። በ1847 ንብረቷን በሰረገላ ጭና የመጣች የኢሊኖይ ሴት፣ በ1856 ለአንድ አዋቂ ከተፈቀደው 17 ፓውንድ፣ ማለትም 8 ኪሎ እንኳ ከማይሞላ ጓዝ በቀር ይዛ እንዳትመጣ የተነገራት የእንግሊዝ ሠራተኛ ሚስት፣ ከ1861 በኋላ ደግሞ ጥጥ እንድታለማ ከባሏ ጋር ወደ በረሃማዋ ሴንት ጆርጅ የተላከች እናት የኖሩት ኑሮ ፈጽሞ የተለያየ ነው። ለምርጫው ዋናው መመዘኛ ሴትየዋ በራሷ እጅ የጻፈችው መዝገብ መኖሩ ሊሆን ይገባል። ለዚህ መመሪያ ምሳሌ የማደርጋት አዋላጇ ፓቲ ሴሽንስ ናት። በ1795 ሜይን በተባለው ግዛት ተወለደች፤ በ1812 ዴቪድ ሴሽንስን አገባች፤ በፌብሩዋሪ 1846 ሞርሞኖች በኢሊኖይ ግዛት ከነበረችው መኖሪያቸው ከናቩ ከተማ ሲሰደዱ ልጇ ሲልቪያ የሰጠቻትን ደብተር ይዛ የዕለት ማስታወሻ መጻፍ ጀመረች፤ ልማዱንም እስከ 1888 ድረስ አልተወችም። በ1892 በ97 ዓመቷ ስትሞት አራት አሥርት ዓመታትን የሚሸፍን መዝገብ ትታ ነበር።

የመረጧት ሴት በማኅደር ውስጥ በስንት ስም እንደተመዘገበች ቀድመው ይወቁ። በእኛ ልማድ ሴት ብታገባም በአባቷ ስም ትጠራለች፤ በአሜሪካ ግን ከየጋብቻው ጋር የሴቲቱ ስም ይለወጥ ስለነበር፣ ፓቲ በመጀመሪያ ባርትሌት፣ ከዚያ ሴሽንስ፣ ባሏ በ1850 ከሞተ በኋላ ጆን ፓሪን ስታገባ ደግሞ ፓሪ ሆና ልትገኝ ትችላለች። በሦስቱም ስም ካልፈለጉ የሕይወቷ ግማሽ ሊያመልጥዎ ይችላል።

ከዚያ ወደ ሕዝብ ቆጠራው ይሂዱ። ከ1850 ጀምሮ የአሜሪካ ቆጠራ የቤቱን አባላት ሁሉ በስም የሚዘረዝር ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሰው ለአባወራው ምኑ እንደሆነ የሚገልጸው ግን ከ1880 ወዲህ ነው። ስለዚህ በ1860 መዝገብ ከአንድ ወንድ ሥር ሁለት ሴቶች ተጽፈው ቢያዩ ጣውንቶች ናቸው ብለው አይደምድሙ፤ እኅት፣ ሠራተኛ ወይም ለክረምቱ የተጠጋች መበለት ልትሆን ትችላለች። በተቃራኒው ሁለተኛዋ ሚስት በሌላ ቤት ራሷን ችላ እንደ እማወራ ተመዝግባ ልትገኝ ትችላለች። የ1890 ቆጠራ በአብዛኛው ከእሳት አደጋ በኋላ ስለጠፋ በእሱ ላይ ተስፋ አያድርጉ። የቤተ ክርስቲያኒቱ የታሪክ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው በሶልት ሌክ ሲቲ ነው፤ ከ1847 እስከ 1868 የተጓዙትን ሰዎች በየቡድናቸው የሚያሳየው የመረጃ ቋቱም በነጻ በኢንተርኔት ይገኛል።

አሁን ጓዙን ይቁጠሩ። የናቩ ጋዜጣ በ1845 ለአምስት ሰው ቤተሰብ የሚያስፈልገውን ስንቅና ዕቃ ዘርዝሮ አትሞ ነበር፤ አንድ ጠንካራ ሰረገላ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጥማድ በሬ፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሚታለቡ ላሞች፣ 1,000 ፓውንድ ዱቄት፣ 100 ፓውንድ ስኳር፣ 25 ፓውንድ ጨው፣ 20 ፓውንድ ሳሙና፣ 20 ፓውንድ የደረቀ ዱባ እያለ ይቀጥላል። ከዝርዝሩ ውስጥ 5 ፓውንድ ቡናና አንድ ፓውንድ ሻይ አሉበት። የዛሬዎቹ የቤተ ክርስቲያኒቱ አባላት ቡናም ሻይም እንደማይጠጡ የሚያውቅ አንባቢ ሊደነቅ ይችላል፤ ምክሩ ከ1833 ጀምሮ የነበረ ቢሆንም ጥብቅ ሕግ ሆኖ የተያዘው ግን ዘግይቶ ነው። የቡና ጀበና ከጓዟ መካከል የነበረችን ሴት በዛሬው ሥርዓት መመዘን የጀማሪ ጸሐፊ ስሕተት ነው። የአልባሳትና የመኝታው ክብደት ለአንድ ቤተሰብ ከ500 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወስኖ ስለነበር፣ ምን ይቀር፣ ምን ይጫን የሚለውን ውሳኔ ከመዝገቡ ለማግኘት ይሞክሩ፤ ባሕርይዋ እዚያ ላይ ይታያል።

ማስታወሻውን ሲያነቡ አንድ ባዶ ሠንጠረዥ አዘጋጅተው ሥራዎቹን በየዕለቱ እየለዩ ያስፍሩ፤ ምግብ፣ ልብስ፣ ሕመምና ወሊድ፣ አትክልት፣ ጉብኝት፣ የተቀበለችውና የከፈለችው። የፓቲ ዐረፍተ ነገሮች አጫጭር ናቸው፤ ፊደል አጻጻፏም ሥርዓት አይጠብቅም፤ ስሜቷን የምትገልጸውም አልፎ አልፎ ነው። ከሦስት መቶ ያህል እንዲህ ያሉ ዕለቶች በኋላ ግን የቤቱ አሠራር ራሱ መናገር ይጀምራል። በመንገድ ላይ እንጨት በማይገኝበት ሜዳ ሴቶችና ልጆች የጎሽ ኩበት እየለቀሙ እሳት ያነዱ እንደነበር፣ ወተት በሰረገላው መናወጥ ተንጦ ቅቤ ይወጣው እንደነበር፣ ዛሬ ዋዮሚንግ በሚባለው ግዛት ከሚገኙት ጨዋማ ኩሬዎች ዳር የሚሰበሰበው ነጭ ሶዳ ለዳቦ ማስነሻ ያገለግል እንደነበር ከተለያዩ ተጓዦች መዛግብት ይታወቃል። የእርስዎ ሴት ከእነዚህ የትኛውን እንዳደረገች ካልጻፈች እንዳደረገች አድርገው አይጻፉላት፤ «በዚያ መንገድ ያለፉ ሴቶች እንዲህ ያደርጉ ነበር» ማለት ይበቃል።

በሠንጠረዡ ላይ የሚሰፍረውን ሥራ ድካም ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ግድ ነው። ሳሙናን ብንወስድ፣ ሴትየዋ ለወራት የእንጨት አመድና የከብት ሞራ ታጠራቅማለች፤ አመዱን በበርሜል አድርጋ ውሃ እያፈሰሰችበት ከሥር የሚንጠባጠበውን ቡናማ ውሃ ታጠልላለች፤ ይህ ውሃ ቆዳን የሚልጥ በመሆኑ ልጆቹ እንዳይጠጉ እየጠበቀች ከሞራው ጋር በትልቅ ብረት ድስት ከቤት ውጭ ለሰዓታት ታፈላዋለች። ከእንጨት አመድ የሚወጣው ሳሙና ለስላሳና ዝልግልግ ስለሆነ እንዲጠነክር ከተፈለገ ጨው ይጨመርበታል፤ ጨው ደግሞ ከታላቁ የጨው ሐይቅ እንደ ልብ ይገኝ ነበር። በማስታወሻ ላይ «ሳሙና ሠራሁ» የምትለው ሁለት ቃል ይህን ሁሉ ትይዛለች። ሱፍ መፍተሉ፣ ካልሲ መሥራቱ፣ ከአሮጌ ጨርቅ ምንጣፍ መጠላለፉም እንዲሁ ነው፤ ፓቲ በስተርጅናዋ ሳይቀር ካልሲና ምንጣፍ ትሠራ ነበር።

ከወሊድ ጋር የተያያዙትን ዕለቶች ለብቻ ይመልከቱ፤ የአዋላጅ ማስታወሻ የሌሎች ሴቶችም የቤት ታሪክ ነውና። ፓቲ በ52 ዓመቷ ሰረገላዋን ራሷ እየነዳች በሴፕቴምበር 1847 በዩታ የታላቁ የጨው ሐይቅ ሸለቆ በደረሰች በሁለተኛው ቀን ገደማ፣ ከሰፋሪዎቹ በሸለቆው ውስጥ የተወለደውን የመጀመሪያውን ወንድ ልጅ አዋልዳለች። ክፍያዋን ብዙ ጊዜ በዓይነት ስለምትቀበል የተበደረችውና ያበደረችው ነገር ዝርዝር የሰፈሩን የኑሮ ደረጃ ያሳያል። በስሟ የሚጠቀሰውን 3,977 ሕፃናት የሚል ቁጥር ግን «እንደሚባለው» ብለው ይጻፉት፤ ማስታወሻው የእያንዳንዷን ወላጅ ስም በየቀኑ ሲያሰፍር የዋለ ስለሆነ ከድምሩ ይልቅ ዝርዝሩ የበለጠ ይታመናል።

ወደ ቤተሰቡ ሲመጡ መጀመሪያ ሙታኑን ይቁጠሩ። ከፓቲ 8 ልጆች መካከል ለአካለ መጠን በቅተው ጎጆ የወጡት 3 ብቻ ነበሩ፤ የሰው ልጆች ስታዋልድ የኖረችው እናት የራሷን አብዛኞቹን ቀብራለች። ከዚያ በኋላ ነው የጣውንትነት ነገር የሚነሣው። ብዙ ሚስት ማግባት በናቩ በምስጢር ተጀምሮ በ1852 በይፋ የተነገረ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱም በ1890 እንዲቆም ያወጀችው ልማድ ነው። ሁሉም ቤት አልገባበትም፤ የገባበትም ቤት አኗኗሩ አንድ ዓይነት አልነበረም። ስደቱን የመራውን የብሪገም ያንግን ቤተሰብ፣ በ1856 ለሚስቶቹና ለልጆቹ የተሠራውን ሰፊ ቤት አይቶ ስለ ሌሎች መፍረድ ቤተ መንግሥት አይቶ ስለ ገበሬ ጎጆ እንደመጻፍ ነው።

በፓቲ ቤት የሆነውን ከሥራው በኩል ይዩት። ባሏ በ1845 ሮዚላ የምትባል ወጣት ሴት አግብቶ ነበር፤ በ1846 በጉዞው ላይ በሁለቱ መካከል የተነሣው ቅራኔ በማስታወሻው ላይ የሚታየው በአብዛኛው በማብሰሉና ሥራ በመተጋገዙ ጉዳይ ነው። ፓቲ ማዘኗን ትጽፋለች፤ ሮዚላ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተመልሳ ሄደች። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገር አለ። የሮዚላ ማስታወሻ በእጃችን የለም፤ የምናየው በትልቋ ጣውንት ዓይን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ታናሺቱን ሰነፍ ብሎ መፈረጅ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በሌላ በኩል የፓርትሪጅ ቤተሰብ ልጆች ኤላይዛ፣ ካሮላይንና ሊዲያ ሦስቱም የአሜሳ ላይማን ሚስቶች ሆነው እኅትማማቾች በአንድነት ተረዳድተው ኖረዋል። ፓቲ በ1842 ከቤተ ክርስቲያኒቱ መሥራች ከነቢዩ ጆሴፍ ስሚዝ ጋር በሃይማኖት ሥርዓት መታተሟም፣ ማለትም ከሞት በኋላም ይጸናል በሚባል የጋብቻ ቃል ኪዳን መጣመሯም ይታወቃል፤ ከባሏ ጋር መኖሯን ግን አልተወችም። መታተም ሁልጊዜ አብሮ መኖር ማለት አለመሆኑን ለአንባቢ ሳያስረዱ ይህን አይጥቀሱ።

የአንዲቷን መዝገብ ከሌላዋ ጋር ማስተያየት ብዙ ያተርፋል። በኤፕሪል 1849 ከላይ ከተጠቀሱት እኅትማማቾች አንዷ ኤላይዛ ላይማን ባሏ ለተልእኮ ወደ ካሊፎርኒያ ሲሄድ ቤቱ ዳቦ የሚጋገርበት ነገር እንዳልነበረው ጽፋለች፤ ወንዶች ያለ ደመወዝ ለወራትና ለዓመታት መላካቸው የተለመደ በመሆኑ ቤቱን የምታቆመው ሚስት ነበረች። በዚያው ወር ጄን ጄምስ የተባለች ጥቁር ሴት ካላት ዱቄት እኩሌታውን፣ ሁለት ፓውንድ፣ እንደሰጠቻት መዝግባለች። ጄን በ1847 ሸለቆውን የረገጠች ነጻ ሴት ነበረች፤ ይሁን እንጂ በዘመኗ በቆዳ ቀለሟ ምክንያት የቤተ መቅደሱን ሙሉ ሥርዓት ተከለከለች፤ ደጋግማ ብትጠይቅም በ1908 እስክትሞት አልተፈቀደላትም። የዱቄቱን ነገር የምናውቀው ተቀባይዋ ስለጻፈችው ነው። ስለዚህ የመረጧት ሴት ብዙ ያልጻፈች ከሆነች በጎረቤቶቿ ማስታወሻ ውስጥ ይፈልጓት።

ሸለቆውን ባዶ መሬት አድርገው አይግለጹት። ሾሾኒ፣ ዩትና ጎሹት የተባሉት ሕዝቦች ይኖሩበትና ያልፉበት ነበር፤ ሰፋሪዎቹ በመጀመሪያዎቹ የረኃብ ዓመታት ቆፍረው የበሉት የሴጎ አበባ ሥር ከእነሱ የተማሩት ምግብ ነው። የሰፋሪዋ አትክልት በለማ ቁጥር የእነዚህ ሴቶች የምግብ መልቀሚያ ይጠብ ነበር፤ የቤት ኑሮ ታሪክ ይህንንም ይጨምራል።

ለዕቃው መልክ በሶልት ሌክ ሲቲ የሚኖሩ ወይም የሚያልፉ አንባቢዎች የፈር ቀዳጆች ሴቶች ልጆች ማኅበር የሚያስተዳድረውን ሙዚየም ቢጎበኙ ብዙ የቤት ዕቃ ያገኙበታል፤ ጁላይ 24 የፈር ቀዳጆች ቀን በመሆኑ በግዛቱ የሕዝብ በዓል እንደሆነ ግምት ውስጥ ያስገቡ። ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር ያለውን ጽሑፍ ሲገለብጡ ዕቃው የማን እንደነበረና በቤተሰብ አፈ ታሪክ ብቻ የተነገረ መሆን አለመሆኑን ለይተው ይያዙ፤ በየዕለቱ የተጻፈንና ከአርባ ዓመት በኋላ ለልጅ ልጆች የተተረከን ነገርም በአንድ ሚዛን አያስቀምጡ።

ሲጽፉ ለየዘመኑ ተገቢውን ገጽ ይመድቡ። የፓቲ የመጨረሻ ጉዞ የፈጀው ጥቂት ወራት ብቻ ሲሆን በዩታ የኖረችው ግን 45 ዓመት ነው፤ በእነዚያ ዓመታት የፍራፍሬ ዛፍ ተክላ ሸጣለች፣ ሁለተኛ ባል አግብታለች፣ በ1870 ለግዛቲቱ ሴቶች የተሰጠው የመምረጥ መብት በ1887 በኮንግረስ ሕግ ሲነጠቅ አይታለች፣ ባውንቲፉል በተባለችው ከተማም ለልጅ ልጆቿና ለድኾች ልጆች ትምህርት ቤት አሠርታለች። ከጽሑፍዎ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰረገላው ላይ ከዋለ፣ ጉዞውን አሳጥረው ወደ አትክልቱ፣ ወደ ፈትሉና ወደ ዕዳ መዝገቡ ይመለሱ።