የበሰለ ተጫዋችን ከታችኛው ሊግ መመልመል፦ በአውስትራሊያ ፉቲ እንዴት ይሠራል?

የአውስትራሊያ ሩልስ እግር ኳስ፣ በአገሬው አጠራር ፉቲ፣ በሞላላ ሜዳ ላይ በሞላላ ኳስ 18 ለ18 የሚካሄድ ጨዋታ ነው። የላይኛው ሊግ ኤኤፍኤል አዲስ ተጫዋች በአብዛኛው የሚወስደው በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ ከሚደረገው ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች ተራ በተራ አዲስ ተጫዋች ከሚመርጡበት ሥርዓት ሲሆን፣ የሚመረጡት ባብዛኛው ገና 18 ዓመት የሞላቸው ልጆች ናቸው። በዚያ ዕድሜ ያልታየ ወይም ታይቶ የታለፈ ልጅ ወደ ግዛት ሊጎች ይሄዳል፤ ቀን ሥራውን ይሠራል፣ ማታ ማታ ይለማመዳል፣ ቅዳሜ ይጫወታል።

ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹ በ22፣ በ25፣ አልፎ አልፎም በ28 ዓመታቸው ለላይኛው ሊግ የሚበቁ ሆነው ይገኛሉ። ጄምስ ፖድሲያድሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ለኤኤፍኤሉ ክለብ ጂሎንግ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ ዕድሜው 28 ነበር፤ በ2011 ከቡድኑ ጋር ሻምፒዮን ሆነ። ማይክል ባርሎው በ22 ዓመቱ ከግዛት ሊግ ክለቡ ዌሪቢ ወደ ኤኤፍኤሉ ፍሪማንትል ሄዶ ወዲያው ቋሚ ተሰላፊ ሆነ። ቶም ስቱዋርት በ2016 ድራፍት 40ኛ ሆኖ ሲመረጥ 23 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሊጉ ከሚጠቀሱት ተከላካዮች ተርታ ገባ።

እንዲህ ያለውን ሰው ማግኘት የዕድል ጉዳይ ይመስላል እንጂ ሥርዓት ያለው ሥራ ነው። ሥራው ሁሉ የሚዞረውም በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ ይህ ሰው እስካሁን ለምን ቀረ?

1. የጎደለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ፍለጋው ከራስ ቡድን ዝርዝር ይጀምራል። የእያንዳንዱን ተጫዋች ቦታ፣ ዕድሜና የውል ማብቂያ በአንድ ገጽ ላይ ደርድረው ሲያዩት ክፍተቱ ራሱ ይታያል። ዋናው ሩክ 31 ዓመቱ ነው፤ ምትኬው ደግሞ የ19 ዓመት ልጅ ነው እንበል። ሩክ ማለት ዳኛው ኳሱን ወደ ላይ ሲያነሣ ከተቃራኒው ጋር ዘሎ ለቡድኑ የሚመታው ረጅሙ ሰው ነው። የ19 ዓመቱ ልጅ ሁለት ሜትር ቁመት ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን 105 ኪሎ ከሚመዝን ሰው ጋር ከሰዓት ሙሉ ሲጋጭ ሰውነቱ አይችለውም። ለዚህ ሥራ እስኪበስል አራት አምስት ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ ከታችኛው ሊግ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ሩክና ረጃጅም ተከላካዮች ዘንድ ነው። በፍጥነቱ ብቻ የሚታወቅ የክንፍ ተጫዋች ግን በ18 ዓመቱ ከመልማዮች ዓይን የሚያመልጠው ከስንት አንዴ ነው።

ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ከ198 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ፣ ከ22 እስከ 26 ዓመት ያለ፣ በመጪው ወቅት ያለ ተጨማሪ ዝግጅት መሰለፍ የሚችል ሁለተኛ ሩክ።» ይህን ሳይጽፍ «ጥሩ ሰው ካገኘን እንወስዳለን» ብሎ የሚወጣ ክለብ ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመለሰው መካከለኛ ቁመት ያለው አማካይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ቤቱ ውስጥ ስድስት አለው።

2. ለምን እንደቀረ ያጣሩ

የመቅረት ምክንያቶች ብዙ አይደሉም፤ ክብደታቸው ግን ይለያያል። ከሁሉ የሚመረጠው ዘግይቶ ማደግ ነው። በ17 ዓመቱ 178 ሳንቲ ሜትር የነበረና በ20 ዓመቱ 190 የደረሰ ልጅ፣ አጭር ሳለ የተማረውን የእጅና የእግር ቅልጥፍና ይዞት ያድጋል። ቀጥሎ የሚመጣው የድራፍት ዓመቱን በጉልበት ጅማት መበጠስ ያጣው ነው። ከከተማ ርቆ በገጠር ሊግ የቀረ፣ የሙያ ሥልጠናውን መጨረስ የመረጠ፣ ቅርጫት ኳስ ሲጫወት ቆይቶ ዘግይቶ የመጣም አለ።

ታይቶ የተሰናበተውንም አይናቁት። ሳም ሜኔጎላን ሆውቶርንና ፍሪማንትል ተራ በተራ በዝርዝራቸው ይዘውት አንድም ጨዋታ ሳያሰልፉት ለቀቁት። በምዕራብ አውስትራሊያ ለሱቢያኮ ሲጫወት ቆይቶ ጂሎንግ በ2015 ድራፍት 66ኛ አድርጎ ወሰደው፤ ቋሚ ተሰላፊም ሆነ።

የመጨረሻው ምክንያት ጉድለቱ ራሱ ነው፦ ዝግታ፣ የተበላሸ ምት፣ ኳስ ከጠፋ በኋላ መቆም። ያ ጉድለት ዛሬም ካለ የቀረበት ምክንያት አልተነሣም ማለት ነው። ለማጣራት ሁለት ሰው ያነጋግሩ፦ በ17 ዓመቱ ያሠለጠነውንና ዛሬ የሚያሠለጥነውን። ሁለቱም «ግራ እግሩ አይሠራም» ካሉ ስድስት ዓመት ሙሉ አላረመውም። የመጀመሪያው «ቶሎ ይደክም ነበር» ብሎ ሁለተኛው «አራተኛው ሩብ የእሱ ነው» ካለ ግን እውነተኛ ለውጥ አግኝተዋል፤ ፋይሉን ይክፈቱ።

3. ቁጥሩን እንደየሊጉ ያንብቡ

ዋናዎቹ ምንጮች ሦስት ናቸው፦ በቪክቶሪያ ተመሥርቶ ከ2021 ጀምሮ የሲድኒና የኩዊንስላንድ ቡድኖችንም የያዘው ቪኤፍኤል፣ የደቡብ አውስትራሊያው ሳንፍልና የምዕራብ አውስትራሊያው ዋፍል። በሦስቱም ውስጥ የኤኤፍኤል ክለቦች ተጠባባቂዎች ይጫወታሉ። ይህ ለመልማይ ትልቅ ስጦታ ነው። የሰውየውን አኀዝ ሁለት ቦታ ይክፈሉት፦ ከኤኤፍኤል ተጠባባቂዎች ጋር የተጫወተበትንና ሌላውን። በአማካይ 28 ጊዜ ኳስ የሚያቀብል ሰው ከተጠባባቂዎች ጋር ሲገናኝ ወደ 17 ከወረደ ነገሩ ግልጽ ነው። በዚያን ቀን ተጠባባቂው ቡድን ውስጥ እነማን እንደነበሩም ይመልከቱ፤ ጉዳት የበዛበት ክለብ ከሰፈር ሊግ ሰው ለምኖ ያሰለፈበት ቀን ሊሆን ይችላል።

ሕጎቹም አኀዙን ያዛቡታል። ሳንፍል ከ2016 ጀምሮ ኳሱን መጨረሻ መትቶ ወይም አቀብሎ ከሜዳ ባስወጣው ቡድን ላይ ቅጣት ምት ይሰጣል። በዚህ የተነሣ ዳኛው ከመስመር ወደ ውስጥ የሚወረውርበት አጋጣሚ ያንሳል፤ ሩኩ የሚመታው ኳስም አብሮ ይቀንሳል። በሳንፍል የሚጫወተውን የአዴሌድ ሩክ በዋፍል ከሚጫወተው የፐርዝ ሩክ ጋር በጥሬ ቁጥር ያወዳደረ ሰው የአዴሌዱን ይበድላል።

ወደ ላይኛው ሊግ አብረው የሚሻገሩት አኀዞች በትግል የተገኘ ኳስ፣ ታክል (ኳስ የያዘውን ተቃራኒ ይዞ ማስቆም) እና ከግርግር ኳስ ይዞ መውጣት ናቸው። ማንም ሳይነካው የተቀበለው ኳስ፣ እንዲሁም ረጅም አጥቂ በ185 ሳንቲ ሜትር ተከላካይ ላይ ያገባው ጎል ሲሻገሩ ይተናሉ። የሦስቱ ሊጎች የምርጥ ተጫዋች ሽልማቶች፣ ማለትም የሳንፍሉ ማጋሪ፣ የዋፍሉ ሳንዶቨርና የቪኤፍኤሉ ሊስተን፣ ጥሩ መነሻ ዝርዝር ይሰጣሉ፤ ቲም ኬሊ በ2017 በሳንዶቨር ሁለተኛ ወጥቶ በዚያው ዓመት ድራፍት ጂሎንግ 24ኛ አድርጎ መረጠው። ነገር ግን ድምፁን የሚሰጡት ዳኞች ናቸው፤ ዳኛ ደግሞ ኳሱ ባለበት ስለሚሮጥ አማካዮችን ያያል፣ የኋላ ተከላካይን ይረሳል።

4. ሄደው ይመልከቱ

ቪዲዮ የሚያሳየው ኳሱ ያለበትን ነው። ሰውየው ከኳሱ 60 ሜትር ርቆ የሚያደርገው ግን ሜዳ ድረስ ካልሄዱ አይታይም። ቢያንስ አምስት ጨዋታ በአካል ይዩ፤ አንዱ በጭቃና በነፋስ፣ አንዱ ቡድኑ በሰፊው የተሸነፈበት ይሁን። ከጎል ጀርባ ይቁሙ፤ የአቋቋም ስሕተት ከዚያ ጥርት ብሎ ይታያል። ሜልቦርን ውስጥ ያለ አንባቢ ይህን ለመሞከር ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፦ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ከተሰለፉበት ፉትስክሬይ ማዕከል በእግር በሚደረስበት ዊተን ኦቫል የቪኤፍኤል ጨዋታ ይካሄዳል።

እጁን ይመልከቱ። ጥሩ መቺ ኳሱን በአንድ እጁ ዝቅ አድርጎ ለጫማው ያስረክበዋል፤ ኳሱ በአየር ላይ የሚቆየው ስንዝር ለማይሞላ ርቀት ነው። ሌላው ከወገቡ በላይ ይለቀዋል፤ ኳሱ ሲወርድ ይዞራል፣ ነፋስ ሲያገኘው ያዘነብላል፣ ጫፉ ሳይሆን ጎኑ እግሩን ያገኘዋል። በታችኛው ሊግ ሁለት ትርፍ እርምጃ ስላለው ራሱን ያስተካክላል፣ ጉድለቱም ይሸፈንለታል። ኤኤፍኤል ውስጥ በእነዚያ ሁለት እርምጃዎች ቦታ የተቃራኒ ትከሻ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ጫና ያለባቸውን ምቶች ብቻ ለይተው 20 እስኪሞሉ ይመዝግቡ፤ ስንቱ ወገኑ እጅ እንደገባ፣ ስንቱም በደካማ እግሩ እንደተመታ ይጻፉ።

ሁለተኛው መታየት ያለበት ኳስ ካጣ በኋላ ያሉት ሦስት ሰከንዶች ናቸው። ወዲያው ዞሮ የሚያሳድድ ሰው አለ፤ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ዳኛውን የሚመለከትም አለ። በታችኛው ሊግ በችሎታው የሚልቅ ሰው ሁለተኛውን ልማድ ለዓመታት ሲያካብተው ይኖራል፣ ማንም አይቆጣውም። በ24 ዓመት የተያዘን ልማድ ማስለቀቅ ከባድ ስለሆነ፣ እኛ ከምት ጉድለት ይልቅ ይህን አብልጠን እንፈራዋለን።

5. ሰውነቱን ይፈትሹ

የተለመዱት ፈተናዎች የ20 ሜትር ሩጫ፣ ዝላይ፣ የቅልጥፍና ሩጫና የ2 ኪሎ ሜትር ሰዓት ናቸው። 20 ሜትርን ከ3 ሰከንድ በታች የሚሮጥ ፈጣን ነው፤ 2 ኪሎ ሜትርን ወደ 6 ደቂቃ ተጠግቶ የሚጨርስ ሞተሩ አስተማማኝ ነው። የጉልበት፣ የትከሻና የብሽሽት ምስል ያስነሡ፤ የጭንቅላት ምት ታሪኩንም ከእሱም ከክለቡ ሐኪምም ለየብቻ ይጠይቁ።

ብዙ ክለብ የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ማታ ይለማመድ የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ሙሉ ቀን ልምምድ ሲገባ፣ ልቡና ሳንባው ቶሎ ይለምዱታል፤ ጅማትና አጥንት ግን ወደ ኋላ ይቀራሉ። ውጤቱ በጃንዋሪ የታፋ ጡንቻ መቀደድ ወይም የእግር አጥንት መሰንጠቅ ነው። የሩጫውን መጠን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ደረጃ በደረጃ ያሳድጉ፤ «ደህና ነኝ» ቢልም አይቀበሉት። ዕድሉ የመጨረሻ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሕመሙን ይደብቃል።

6. ቤቱን ይወቁ

የ18 ዓመት ልጅ ሻንጣውን ይዞ ይመጣል። የ25 ዓመቱ ሚስት፣ ልጅ፣ የቤት ዕዳ፣ ምናልባትም የራሱ የኤሌክትሪክ ሥራ አለው። ከፐርዝ ወደ ሜልቦርን በአውሮፕላን አራት ሰዓት ያህል ነው። ከባለቤቱ ጋር ተቀምጠው ይነጋገሩ፦ እሷ የት ትሠራለች፣ ሕፃኑን ማን ይጠብቃል፣ ውሉ ካልታደሰ ወደ ምን ይመለሳሉ? ኬሊ በጂሎንግ ድንቅ ሁለት ዓመት ካሳለፈ በኋላ ለቤተሰቡ ሲል ወደ ፐርዝ መመለስ ፈለገ፤ በ2019 ማብቂያ ወደ ፐርዙ ክለብ ዌስት ኮስት ተዛወረ። ጂሎንግ በምትኩ የድራፍት ዕድሎች ስላገኘ አልከሰረም። ይህ ሊመጣ እንደሚችል ከመጀመሪያው አስቦ መግባት ግን ግድ ነው።

7. የሚገባበትን በር ይምረጡ

በሩ አንድ አይደለም። የኖቬምበሩ ዋና ድራፍት አለ፤ ወዲያው የሚከተለው የሩኪ (የጀማሪዎች) ድራፍት አለ፤ ከ2018 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ክፍት ቦታ ያለው ክለብ ሰውየውን በዝግጅት ወቅት አብሮ አለማምዶ ውድድሩ ሳይጀመር የሚያስፈርምበት የማሟያ ጊዜ አለ። እርግጠኛ ላልሆኑበት ሰው ይህ የመጨረሻው ይሻላል፤ ለሳምንታት በዓይንዎ ሥር ይሆናልና። በ2019 እንደገና የተጀመረው የወቅት አጋማሽ ድራፍት ደግሞ በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን መጀመሪያ ይካሄዳል፤ በረጅም ጉዳት ወይም በጡረታ ቦታ የተለቀቀበት ክለብ ይሳተፋል።

የኤኤፍኤሉ ሪችመንድ ማርሊየን ፒኬትን ከዋፍሉ ክለብ ሳውዝ ፍሪማንትል የወሰደው በዚያው በ2019ኙ ነው፤ በ13ኛ ምርጫ፣ ጣቱ ተሰብሮ ሳለ። ክለቡ አልቸኮለም። ጣቱ እስኪድን ጠበቀው፣ በቪኤፍኤል ቡድኑ ውስጥ ሚናውን አስለመደው። ከዚያ በሴፕቴምበር ታላቁ ፍጻሜ የመጀመሪያ የኤኤፍኤል ጨዋታው ሆነ፤ በ27 ዓመቱ 22 ጊዜ ኳስ አቀብሎ አንድ ጎልም አገባ፣ ሪችመንድም በ89 ነጥብ አሸነፈ። በፍጻሜ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈ ተጫዋች ከ1952 ወዲህ አልነበረም።

ተጫዋቹ ስሙን ካላስመዘገበ ግን የትኛውም ድራፍት አይሠራም። ቀነ ገደቡን እርስዎም ወኪሉም ቀን መቁጠሪያ ላይ ይያዙት። አሁን የሚጫወትበትን ክለብ አሠልጣኝ ደግሞ ከድራፍቱ በፊት ይደውሉለት፤ በወቅቱ አጋማሽ ምርጥ ሰውየውን ሊያጣ ነውና ዜናውን ከቴሌቪዥን መስማት የለበትም። በሚቀጥለው ዓመት እውነቱን የሚነግርዎት ያው አሠልጣኝ ነው።

8. ከፈረመ በኋላ

አንድ ሚና ብቻ ይስጡት፦ በአንደኛው ገጽ የጻፉትን። ሁለተኛ ሩክ ብለው ያመጡትን ሰው በሦስተኛው ሳምንት ተከላካይ ካደረጉት የመለመሉበት ምክንያት ጠፋ። ሌላው የተለመደ ስሕተት «ለክፉ ቀን» ብሎ ወቅቱን ሙሉ በተጠባባቂ ማቆየት ነው፤ የ26 ዓመት ሰው የሚጠብቀው ጊዜ የለውም። ብቁ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለት ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ያሰልፉት፤ በአንድ ጨዋታ ማንም አይለካም። ከተቻለ ውሉ ከ6 ወር ይልቅ 18 ወር ይሁን፣ አንድ ሙሉ የዝግጅት ወቅት እንዲያገኝ።

በኦገስት መጨረሻ ውሳኔዎን ይጨርሱ። ውሉ የማይታደስ ከሆነ ወቅቱ እንዳበቃ በአካል ይንገሩት። የግዛት ሊግ ክለቦች ለቀጣዩ ዓመት ዝግጅት ሳይጀምሩ ቡድን ማግኘት አለበት፤ የተወውን ሥራ ለመመለስም አሠሪውን አስቀድሞ ማነጋገር ይኖርበታል።