በኮምፒውተር ዲሽ የምታዩ፣ ሶፍትዌሩን ከመርገማችሁ በፊት

ቴሌቪዥኑ ሥር ትንሽ ኮምፒውተር አስቀምጦ፣ የሳተላይት ቱነር (የዲሹን ሲግናል ለኮምፒውተሩ የሚቀበል መሣሪያ) ሰክቶ፣ የዲሹን ኬብል በቀጥታ እሱ ላይ ማሰር ደስ ይላል። ዜናው ሲያመልጣችሁ ወደ ኋላ ትመልሳላችሁ። ድራማውን ትቀዳላችሁ። መኝታ ቤት ሆናችሁ በስልክ ታያላችሁ። የሚከፋው ሲበላሽ ነው። ዲሽ ሠራተኛው "ኮምፒውተሩን አላውቀውም" ይላል። ኮምፒውተር ጠጋኙ ደግሞ ጣሪያ አይወጣም። ባለቤቱ መሃል ላይ ይቀራል፤ እጁን የሚሰድደውም ቅርብ ያገኘው ነገር ላይ ነው፤ ሶፍትዌሩ ላይ።

ቶሎ ብሎ አጥፍቶ እንደገና መጫን

ቻናል ጠፋ። ሶፍትዌሩ ይጠፋል፣ እንደገና ይጫናል። አሁን ቻናሉም የለም፣ በስንት ልፋት የተደረደረው ዝርዝርም የለም። ቲቪሄድኤንድ የሚባለውን የዲሽ ማያና መቅጃ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ሰዎች የሳተላይቱን ቅንብር፣ የቻናሉን ቁጥርና ለቀረጻ የተያዘውን ቀጠሮ መልሶ መሥራት ምን ያህል እንደሚያናድድ ታውቁታላችሁ።

ሥዕሉ ስክሪን ላይ ከመድረሱ በፊት ብዙ ቦታ ያልፋል። ዲሽና ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) አለ። ኬብልና ስዊች አለ። ቱነሩ አለ፣ ኮምፒውተሩን ከቱነሩ ጋር የሚያግባባው ድራይቨር አለ። ሶፍትዌሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መጀመሪያ ችግሩን ለዩት። "ቱነር አልተገኘም" ካለ ጉዳዩ ድራይቨር ወይም ኤሌክትሪክ ነው። ቱነሩ ተገኝቶ "ሲግናል የለም" ካለ ወደ ኬብሉና ወደ ዲሹ ሂዱ። ድምፅ እየመጣ ሥዕሉ ጥቁር ከሆነ ግን ዲሹ ምንም አልሆነም። በከንቱ ጣሪያ ላይ አትውጡ።

ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ሁለተኛ ፕሮግራም መሞከር ብዙ ይነግራችኋል። ዲቪቢቪወር ላይ የጠፋው ቻናል ፕሮግዲቪቢ ላይም ከጠፋ፣ ጥፋቱ ከሁለቱም በታች ነው። ከዚያ ኬብሉን ነቅላችሁ ተራ ሪሲቨር ላይ ስኩት። ስትነቅሉም ስትሰኩም ኮምፒውተሩ ይጥፋ። በኬብሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ፣ መሃሉ ላይ ያለው ሽቦ ከዳሩ ጋር ከተነካካ ቱነሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ስትሬንግዝ አይቶ መጽናናት

ሁለት መስመር ይታያል፤ ስትሬንግዝና ኳሊቲ። ብዙ ሰው የመጀመሪያው 80 ፐርሰንት ሲሆን "ሲግናልማ አለ" ብሎ ሶፍትዌሩን ይወቅሳል። ስትሬንግዝ የሚነግራችሁ በኬብሉ አንድ ነገር እየመጣ መሆኑን ብቻ ነው። ዲሹ ሌላ ሳተላይት ላይ ቢዞርም ስትሬንግዝ አለ። ኳሊቲው ዜሮ ከሆነ ቱነሩ ምንም አላነበበም ማለት ነው።

ስትሬንግዝ ሞልቶ ኳሊቲ ዜሮ ሲሆን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነገር ሞልታችኋል። የኤልኤንቢ ዓይነት ላይ "ዩኒቨርሳል" መመረጡን ተመልከቱ፤ የኤልኤንቢው ፍሪኩዌንሲ ቁጥሮች 9750 እና 10600 ናቸው። 5150 ካለ የሲባንድ ነው፣ የትልቁ ዲሽ። በዚህ ቁጥር እስከ ነገ ብትፈልጉ አንድ ቻናል አይገኝም።

ስዊቹም እንዲሁ ነው። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ፣ ኢትዮሳት ያለበት ኤንኤስኤስ 12 ደግሞ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሆኑ፣ ሁለቱን የሚያይ ቤት ብዙውን ጊዜ ሁለት ዲሽና መሃላቸው ዳይሴክ ስዊች (ከዲሾቹ አንዱን የሚመርጥ) አለው። ሪሲቨሩ ላይ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚባለው ቀዳዳ ቲቪሄድኤንድ ላይ ኤኤ፣ ኤቢ፣ ቢኤ፣ ቢቢ ይባላል። ዲሽ ሠራተኛው የትኛውን ዲሽ የትኛው ቀዳዳ ላይ እንዳሰረ ጠይቃችሁ ጻፉት። ካልሆነ ናይልሳትን ኢትዮሳት ላይ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

18 ቮልቱን መርሳት

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ብዙ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ድራይቨር ሲያወርድ የሚከርመው በዚህ ምክንያት ነው።

ኤልኤንቢው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከቱነሩ በኬብሉ በኩል ነው። ቻናሎች በሁለት አቅጣጫ ይላካሉ፤ ቨርቲካልና ሆሪዞንታል። ኤልኤንቢው 13 ቮልት ሲደርሰው ቨርቲካል፣ 18 ቮልት ሲደርሰው ሆሪዞንታል ይቀበላል። ቱነሩ 18 መስጠት ሲያቅተው የሚታየው ምልክት ግልጽ ነው፦ ቨርቲካሎቹ ይመጣሉ፣ ሆሪዞንታሎቹ በሙሉ ይጠፋሉ። ኢትዮሳት ላይ የሚታወቀው የ11105 ፍሪኩዌንሲ ደግሞ ሆሪዞንታል ነው። ሰውየው "ሶፍትዌሩ የአገር ቤት ቻናል አይቀበልም" ይላል። ሶፍትዌሩ ምን አደረገ?

ማዘርቦርድ ላይ የሚሰካ ካርድ ከሆነ ጎኑ ላይ ተጨማሪ የፓወር ቀዳዳ እንዳለው እዩ። ያለ እሱም ካርዱ ይነሳል፣ ድራይቨሩም ያገኘዋል፣ ግን ኤልኤንቢውን መመገብ አይችልም። በዩኤስቢ የሚሰካ ከሆነ አዳፕተሩን ተመልከቱ። 12 ቮልት የሚፈልግ ቱነር ላይ ከአሮጌ ራውተር የተነቀለ የ9 ቮልት አዳፕተር ሰክቶ የሚገርመው ሰው ቀላል አይደለም።

ሌላም ምልክት አለ። ፍሪኩዌንሲያቸው ከ11700 በላይ የሆኑት ቻናሎች ብቻ ከጠፉ፣ ቱነሩ ወደ ላይኛው ባንድ ለመሻገር የሚልከው የ22 ኪሎኸርዝ ምልክት ኤልኤንቢው ዘንድ እየደረሰ አይደለም። ቅንብሩን፣ ቀጥሎ ስዊቹን ፈትሹ።

አንዱን ኬብል ለሁለት መክፈል

ሪሲቨሩም እንዳይቀር ተብሎ ርካሽ መክፈያ ይገዛል። ሪሲቨሩ ቨርቲካል ይጠይቃል፣ ኮምፒውተሩ ሆሪዞንታል ይጠይቃል፣ ኤልኤንቢው አንድ ነው። አንዱ ሲታይ ሌላው ይጠፋል። ከዚያ "ሶፍትዌሩ ማታ ማታ ይበላሻል" ይባላል፤ ማታ ሪሲቨሩ የሚከፈትበት ሰዓት ነዋ። ሁለት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ግዙና ለየብቻ ኬብል ጎትቱ።

የማይሆን ቱነር መግዛት

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ቱነር ብዙውን ጊዜ ኤቲኤስሲ ነው፤ በእነሱ አገር በአንቴና የሚሰራጨውን የሚቀበል። ሳተላይት አይቀበልም፣ ሶፍትዌር አያድነውም። ዲቪቢ ኤስ (የድሮው የሳተላይት ስርጭት ዓይነት) ብቻ የሚል አሮጌ ካርድም ዛሬ በአዲሱ በዲቪቢ ኤስ 2 የሚሰራጨውን ጨርሶ አያይም። የኢትዮሳቱ 11105 ሲምቦል ሬቱ (የስርጭቱ ፍጥነት) 45000 ነው፣ ከፍ ያለ ቁጥር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ቱነሩ እስከዚያ መድረሱን አንብቡ።

ሁለት ፕሮግራም አንድ ቱነር ላይ

አንድ ቱነር በአንድ ጊዜ የሚያዘው አንድ ፕሮግራም ነው። ከኋላ ተደብቆ የሚቀዳ ፕሮግራም ካለ፣ አዲስ የከፈታችሁት "ቱነር የለም" ይላችኋል።

ኮዲ በሚባለው ማሳያ ፕሮግራም ላይ ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት አለ። ኮዲ ራሱ ቱነሩን አይነካም። ቱነሩን የሚይዘው ቲቪሄድኤንድ ወይም ኔክስትፒቪአር ነው፤ ኮዲ ከእሱ ተቀብሎ ያሳያል። ስለዚህ ኮዲ ውስጥ ቻናል ከሌለ መጀመሪያ የቲቪሄድኤንድን ገጽ በብራውዘር ክፈቱ፤ ፖርቱ 9981 ነው። እዚያም ከሌለ ኮዲን ተዉት። እዚያ ሰርቪሶቹ (ፍለጋው ያገኛቸው ስርጭቶች) ተገኝተው ቻናል ግን ባዶ ከሆነ፣ ሰርቪሶቹን ወደ ቻናል መቀየሩን ዘላችሁታል። ፍለጋው ብቻውን ቻናል አይሠራም።

ሻት ዳውንን ማመን

ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። ሻት ዳውን ስትሉት ሲስተሙ ከነድራይቨሩ ሁኔታ ይተኛል እንጂ ከባዶ አይጀምርም። የደነዘዘ ቱነር ነገም ደንዝዞ ይነሳል። ሪስታርት በሉት። እሱም ካልበቃ አጥፍታችሁ፣ ከሶኬቱ ነቅላችሁ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ስኩት። የዊንዶውስ አፕዴት ድራይቨሩን ቀይሮት ከሆነ ደግሞ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል።

ያረጀ መመሪያ መከተል

ዊንዶውስ ሚዲያ ሴንተርን ጫኑ የሚል ምክር አሁንም ይዞራል። በጊዜው ግሩም ነበር፣ አልክድም። ግን በ2015 ከወጣው ዊንዶውስ 10 ጋር አልመጣም፣ የፕሮግራም ዝርዝር የሚልከው አገልግሎትም በ2020 ቆሟል። በግድ ከመጫን ይልቅ ሌላ ያዙ።

ሥዕሉን በዲሹ ማሳበብ

ድምፅ አለ፣ ሥዕል የለም፦ ሥዕሉን የሚፈታው የቪዲዮ ዲኮደር ነው። ሃርድዌር ዲኮዲንግን አጥፍታችሁ ሞክሩ። ኳስ ሲሮጥ ዳሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ከተሰነጣጠቀ ዲኢንተርሌስ (የሥዕሉን መስመሮች የሚያገጣጥመው ቅንብር) አልበራም።

ከዜናው ሥር የሚሮጠው ጽሑፍ እየተንደረደረ ቆም ቆም የሚል ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሥዕሉን በ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ) እያወጣ ነው። የምናያቸው ቻናሎች በ50 ነው የሚሠሩት። የስክሪኑን ሪፍሬሽ ሬት 50 አድርጉት፣ ኮዲ ላይ ከሆነ ራሱ እንዲያስተካክል ማዘዝ ይቻላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፣ ልዩነቱ ግን ወዲያው ይታያል።

ቁልፍ ምልክት ያለበት ቻናል አለመከፈቱ ብልሽት አይደለም። የሚከፈልበት ነው።

ሰዓቱ

ቀረጻው ባዶ ሲሆን ሰዓቱን እዩ። የፕሮግራሙ ዝርዝር በሦስት ሰዓት ከተዛባ የኮምፒውተሩ የሰዓት ክልል አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ላይ አይደለም። ቴሌቪዥኑ "ምሽት 2 ሰዓት" ሲል ሶፍትዌሩ ላይ 20:00 ነው የሚሞላው። 2:00 ብላችሁ ከሞላችሁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ያለውን ይቀዳላችኋል።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ክብ ባትሪ አልቋል። ሲአር 2032 በሉና ግዙ። እግረ መንገዳችሁን ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ገብታችሁ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲነሳ አድርጉት። የዲስክ ቦታን በተመለከተ ደግሞ በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሚመጣ ኤችዲ ቻናል በሰዓት 3.6 ጊጋባይት ገደማ ይበላል። ዲስኩ ሲሞላ አንዳንዱ ሶፍትዌር ያረጀውን ቀረጻ ራሱ ያጠፋል፤ የሠርግ ቪዲዮዎቻችሁንና ቀረጻውን አንድ ዲስክ ላይ አታስቀምጡ።