ካረጡ በኋላም አልለቅ ላለ ሙቀት፣ ላብና ድርቀት ምን ይደረጋል? ደረጃ በደረጃ

ደብረ ብርሃን፣ የህዳር ውርጭ፣ ሌሊት 9 ሰዓት። ሰው ሁሉ ባናውን እስከ አፍንጫው ስቦ ተኝቷል፣ እኔ ተነስቼ መስኮት ከፍቼ ቆሜያለሁ። አንገቴ ስር ላቡ ይንቆረቆራል፣ የሌሊት ልብሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል፣ ደሞ 5 ደቂቃ ሳይሞላ ያው ላብ ይቀዘቅዝብኝና ጥርሴ ይንገጫገጫል። ያኔ የወር አበባዬ ከቆመ 5 ዓመት አልፎት ነበር። እኔ ደሞ ደሙ ሲቆም ሁሉም ነገር አብሮ የሚያልቅ ነበር የሚመስለኝ። አንድ ባለሙያ ጋ ሄጄ ብነግረው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "የእድሜ ነው እናት፣ ይተዋል" ብሎ ሸኘኝ፣ እኔም አመንኩትና ሁለት ዓመት ዝም ብዬ ቻልኩት። ያ ሁለት ዓመት እስካሁን ይቆጨኛል። ሌላዋ እህቴ እንደዛ እንዳትከርም ብዬ ነው የሰራልኝንና በኋላ ከሐኪሞች የተማርኩትን በተራ የምጽፈው። ለእናታችሁ ወይ ለአክስታችሁ የምታነቡም ካላችሁ ያው ነው፣ አንብቡላቸው።

ከደረጃዎቹ በፊት ነገሩን እንወቀው። አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው 12 ወር ሙሉ የወር አበባ ሳታይ ስትቀር ነው፣ አብዛኞቻችን ላይ ከ45 እስከ 55 ባለው እድሜ ይመጣል። ከዛ በፊት ባሉት ዓመታት ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል ይላል፣ ለዛ ነው የወር አበባው የሚዘበራረቀው፣ ጸባያችንም አብሮ የሚለዋወጠው። ካረጥን በኋላ ግን ዝቅ ብሎ እዛው ይቀራል። አንጎላችን ውስጥ የሰውነት ሙቀት የሚቆጣጠር ቦታ አለ፣ እሱ ኢስትሮጅን ሲጎድልበት በጣም ስስ ይሆናል፣ ትንሽ ሙቅ ነገር ሲሰማው ሰውነቱ ጋለ ብሎ የቆዳውን ደም ስር ይከፍታል፣ ላብ ያወርዳል፣ ልብ ያስመታል። ይሄ ሙቀት በአማካይ 7 ዓመት ገደማ ይቆያል፣ ከ10 ዓመት በላይ የሚቆይባቸውም አሉ። ስለዚህ ካረጣችሁ 5 ዓመት ሆኖ አሁንም ካላባችሁ ምች አይደለም፣ ዓይነ ጥላም አይደለም።

ደረጃ 1፦ ደብተር ያዙ

ይሄን ሳትንቁ ስሩት። እኔ የልጄን የድሮ ደብተር ከኋላው ገልብጬ በእስክሪብቶ አሰመርኩትና ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ከዛ በፊት ምን በላሁ ምን ጠጣሁ፣ እንቅልፌ ስንቴ ተቋረጠ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። መጻፍ የማይችሉ እናቶች በየቀኑ ላብ በመጣ ቁጥር አንድ ባቄላ ጣሳ ውስጥ እየጣሉ ማታ ልጃቸው ቆጥሮ ይጻፍላቸው፣ ቀላል ነው። ሦስት ሳምንት ሲሞላኝ ገልጬ ሳየው በጣም የሚያልበኝ ከ12 ሰዓት በኋላ ቡና የጠጣሁ ቀንና ጎረቤት ሄጄ አረቄ የቀመስኩ ቀን ነበር። የጠዋት ቡና ምንም አላደረገኝም፣ እሱን አልተውኩም። ሌላዋን ደሞ በርበሬው የበዛ ወጥ ወይ ምድጃ ዳር ብዙ መቀመጥ ሊሆን ይችላል የሚያስነሳባት። ሁሉንም ነገር በአንዴ ከመከልከል የራስን ማወቅ ይሻላል፣ አለበለዚያ ምግብ ሁሉ ጠላት ይሆንባችኋል።

ደረጃ 2፦ የማረጥ ያልሆነውን ለዩ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አንዴ ካረጥን በኋላ ሰው የያዘንን ሁሉ "እድሜ ነው" ይለዋል፣ እኛም ተቀብለን እንቀመጣለን።

ከሁሉም በፊት ደም። 12 ወር ሙሉ ቆሞ ከቆየ በኋላ ጠብታም ትሁን፣ ቡናማ እድፍም ትሁን፣ አንድ ቀን ብቻም ትሁን ደም ካያችሁ "የወር አበባዬ ተመለሰ፣ ወጣትነቴ መጣ" ብላችሁ አትሳቁ፣ በዛው ሳምንት ሐኪም ጋ ሂዱ። ብዙ ጊዜ ከብልት ድርቀት ወይ ከትንሽ እባጭ የሚመጣ ነው፣ ግን የማህፀን ካንሰርም የመጀመሪያ ምልክቱ ይሄው ነው፣ ቶሎ ሲገኝ ደሞ በደንብ ይታከማል። ጤና ጣቢያው ካልቻለ ደብረ ብርሃን ሪፈር ጻፉልኝ በሉ፣ መህል ሜዳም ሁኑ አለም ከተማ፣ መንገዱ ራቀ ተብሎ የሚተው አይደለም።

ሌላ፣ የሌሊት ላቡ ከክብደት መቀነስና ሁለት ሳምንት ካለፈው ሳል ጋር ከመጣ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል አክታ ተመርመሩ፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ህክምናው በነጻ ነው። ወደ ቆላ ወርዳችሁ ከሆነ፣ ሸዋ ሮቢት ወይ አጣዬ ዘመድ ጠይቃችሁ ተመልሳችሁ ከሆነ፣ ብርድ ብርድ ብሎ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ሲመጣ ወባ ተመርመሩ፣ የማረጥ ሙቀት ትኩሳት የለውም፣ ቴርሞሜትር ቢደረግላችሁ ልክ ነው የሚያሳየው። ደጋ ያለን ደሞ እንቅርትን አንርሳ፣ አንገት ላይ ያለው እጢ ከልክ በላይ ሲሰራ ያልባል፣ ልብ ያስመታል፣ ያከሳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ከማረጥ ጋር ቁጭ አንድ ነው የሚመስለው፣ በደም ምርመራ ይለያል። ደም ግፊትና ስኳርም በዛው ይታዩላችሁ።

ደረጃ 3፦ ሌሊቱን አመቻቹ

በኛ ብርድ አገር ምክሩ "ቀለል አድርጋችሁ ተኙ" ብቻ ከሆነ አይሰራም፣ ያላበው ሰውነት ሲበርደው ነው የሚያመው። የምትደርቡትን ከፋፍሉት። ከባዱን ባና ከላይ አድርጋችሁ እሱ ብቻ ከሆነ ወይ ሙሉ መግለጥ ነው ወይ ሙሉ መጋል ነው። እኔ ከስር ስስ ነጠላ፣ ከሱ በላይ ጋቢ፣ ከላይ ባና አድርጌ ሙቀቱ ሲጀምር ከላይ አንድ አንድ እገልጣለሁ፣ ነጠላዋ ግን ትቀራለች፣ ላቡን ትመጥጣለች። የሌሊት ልብስ ጥጥ ይሁን፣ ናይለኑ ይቅር። ራስጌ አጠገብ ደረቅ ቅያሪ ልብስ፣ ፎጣ፣ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ አስቀምጡ፣ በጨለማ ሳጥን እየከፈቱ መፈለግ ነው እንቅልፉን ጨርሶ የሚያባርረው። ሲመጣባችሁ በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ በአፍ ቀስ ብላችሁ አውጡ፣ ሙቀቱን አያጠፋውም ግን ድንጋጤውን ያበርደዋል። ክብደት የበዛባት ትንሽ ብትቀንስ ሙቀቱም ሊቀንስላት ይችላል። ተልባን በተመለከተ ሁሌ እጠየቃለሁ፣ ለሆድ ድርቀት ግሩም ነው፣ ሙቀቱን ያጠፋል የሚለው ግን በጥናት ሲታይ አልሰራም።

ደረጃ 4፦ ስለ ድርቀቱ ተናገሩ

ሙቀቱ ቀስ በቀስ ይለቃል፣ የብልት ድርቀት ግን በራሱ አይለቅም፣ ዓመት በጨመረ ቁጥር ይብሳል እንጂ። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። ኢስትሮጅን ሲጠፋ ቆዳው ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ ያሳክካል፣ ከባል ጋር መገናኘት ህመም ይሆናል፣ ሽንት ያቃጥላል፣ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ የሽንት ኢንፌክሽን ይመላለሳል። ስንቷ ሴት ናት በዚህ ምክንያት ከባሏ ተለይታ ተኝታ እሱ "ጠላችኝ" ብሎ እሷ "ምን ብዬ ልንገረው" ብላ ዝም ተባብለው የሚኖሩት።

በሳሙና፣ በሎሚ፣ በዴቶል መታጠብ አቁሙ፣ ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። ለግንኙነት ከፋርማሲ በውሃ የተሰራ ማለስለሻ ጄል ጠይቁ። ካልበቃ ሐኪም እዛው በብልት የሚገባ የኢስትሮጅን ክሬም ወይ እንክብል ሊያዝ ይችላል፣ ወደ ደም የሚገባው መጠን በጣም ትንሽ ስለሆነ ከሚዋጠው የተለየ ነው፣ ለውጡን ለማየት ግን ሳምንታት ይፈልጋል። የጡት ካንሰር ይዟችሁ የሚያውቅ ከሆነ ግን ቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ስትስቁ ወይ ስታስሉ ሽንት የሚያመልጣችሁ ካላችሁ ደሞ ሽንት እንደያዘ ሰው ጡንቻውን 5 ሰከንድ ጨብጣችሁ ልቀቁ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር፣ እንጀራ እየጋገራችሁም ይሰራል፣ ማንም አያይም።

ደረጃ 5፦ አጥንቱን

አጥንት በጣም የሚሳሳው ባረጥን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፣ ምንም ሳያም። በዚህ እድሜ በቀን 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልጋል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ ይሰጣል። በጾም ወቅት ጎመን፣ የጤፍ እንጀራ፣ ሰሊጥ። ፀሐይ ላይ ክንድን ገልጦ ትንሽ መቀመጥ፣ በየቀኑ በእግር መሄድ። መውደቅን ተጠንቀቁ፣ ግቢ ላይ ውርጭ የመታው ድንጋይ ጠዋት ያንሸራትታል።

ደረጃ 6፦ ሐኪም ጋ ስትሄዱ

ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። "ያመኛል" ብቻ አትበሉ፣ "በሌሊት 4 ጊዜ ይቀሰቅሰኛል፣ ካረጥኩ 6 ዓመቴ ነው" በሉ። ሆርሞን ህክምና፣ ማለትም የጎደለውን ኢስትሮጅን በመድኃኒት መተካት፣ ለሙቀቱ ከሁሉም በላይ የሚሰራው እሱ ነው፣ ግን የሚመረጠው ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይ ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት ነው፣ የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይ የልብ ህመም የነበረባት፣ ወይ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት አትወስድም። ማህፀኗ ያለ ሴት ደሞ ለሙቀቱ የሚሰጠውን ኢስትሮጅን ብቻውን አትወስድም፣ ፕሮጀስትሮን የሚባለው ሆርሞን አብሮ መሰጠት አለበት፣ አለበለዚያ የማህፀን ግድግዳ ይወፍርና ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችላል። ለዚህ ነው የጎረቤት መድኃኒት ወይ የልጃችሁን የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን እንዳትውጡ የምለምናችሁ። ሆርሞን የማይሆንላት እንደ ጋባፔንቲን ያሉ የነርቭ መድኃኒቶች ወይ ለድብርት ከሚሰጡት መድኃኒቶች በዝቅተኛ መጠን ሊታዘዙላት ይችላሉ፣ ድብርት አለብሽ ማለት አይደለም፣ ሙቀቱንም ስለሚቀንሱ ነው።

"እድሜ ነው" ካሏችሁ እንደኔ ተነስታችሁ አትውጡ። "እሺ፣ እድሜ ይሁን፣ ለሌሊቱ ምን ታደርጉልኛላችሁ?" በሉና እዛው ወንበር ላይ ቁጭ በሉ። እኔ በሁለተኛው ዙር እንደዛ ስል ነው ሌላዋ ሐኪም ደብተሬን ተቀብላ ገጽ በገጽ ያየችልኝ፣ ከ3 ወር በኋላ ስመለስ ሌሊት 4 ጊዜ የነበረው ወደ 1 ወርዶ ነበር።