መብት ሲጠየቅ የሚሠሩ ስህተቶች (ለአካል ጉዳተኞችና ለቤተሰብ)

ከሁሉ የሚብሰው መብትን እንደ ውለታ መለመን ነው። «ካላስቸገርኳችሁ ተባበሩኝ» ብላችሁ ከጀመራችሁ መልሱ «እናያለን» ነው፤ «እናያለን» ደግሞ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ የትም አያደርስም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን መከልከል ራሱ አድልዎ ነው ይላል። አንቀጽ 2 ላይ አለላችሁ። ማመቻቸት ማለት ለአንድ ሰው፣ እሱ ላለበት ሁኔታ የሚደረግ ማስተካከያ ነው። አሠሪ እምቢ ማለት የሚችለው ከአቅሙ በላይ ሸክም ከሆነበት እንጂ ስለደበረው አይደለም።

ከዚያ ቀጥሎ በቃል ጠይቆ መተው ይመጣል። አለቃችሁን ኮሪደር ላይ አግኝታችሁ ነገራችሁት፣ እሺ አለ፣ ከስድስት ወር በኋላ «እኔ አልሰማሁም» ቢል በምን ታስረዳላችሁ? ጻፉ። በአካል ያወራችሁትንም የዚያኑ ቀን «ዛሬ እንደተነጋገርነው» ብላችሁ በኢሜይል ላኩት።

ስትጽፉ ግን ሕመማችሁን አትተርኩ። እዚህ ላይ የሚሳሳተው ብዙ ነው፤ ሁለት ገጽ ሙሉ የሕክምና ታሪኩን ይዘረዝርና መጨረሻ ላይ «አስፈላጊው ሁሉ ይደረግልኝ» ብሎ ይዘጋዋል። አስፈላጊው ምንድነው? «የስብሰባ ሰነድ ከአንድ ቀን በፊት በዎርድ ይላክልኝ፤ ፎቶ የተነሳ ወረቀት ስክሪን ሪደሬ (ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብልኝ ፕሮግራም) አያነበውም» ብትሉ ግን ነገሩ አለቀ። እምቢ ቢሉ እንኳ ምኑን እምቢ እንዳሉ ይታወቃል።

«ለእኔ አንድ ሰው ብለው ማሽን አይቀይሩም» የሚሉም አሉ። ሃንጋሪ ውስጥ ሁለት ማየት የተሳናቸው የባንክ ደንበኞች ለካርዳቸው እንደማንኛውም ሰው እየከፈሉ ኤቲኤሙን ግን ያለ ሰው እርዳታ መጠቀም አልቻሉም ነበር። ከሰሱ። እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደውም የፈለጉትን ሁሉ አላገኙም። ከዚያ ጉዳዩን የስምምነቱን አፈጻጸም ለሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ አቀረቡ፤ ኮሚቴውም እ.ኤ.አ. በ2013 መንግሥት የተደራሽነት ግዴታውን አልተወጣም አለ።

ይህን ሰምቶ በቀጥታ ኮሚቴው ወዳለበት ጄኔቫ መጻፍም ሌላ ስህተት ነው። ኮሚቴው አቤቱታችሁን የሚያየው አገራችሁ የስምምነቱን አማራጭ ፕሮቶኮል (ግለሰቦች ለኮሚቴው አቤት እንዲሉ የሚፈቅደውን ተጨማሪ ስምምነት) ከተቀበለች ብቻ ነው። ያም ሆኖ በመጀመሪያ የአገር ውስጡን መንገድ መጨረስ አለባችሁ። የአገር ውስጡ አቤቱታ ደግሞ ቀነ ገደብ ስላለው፣ እምቢታ በደረሳችሁ ቀን ገደቡን ጠይቁ።

የመጨረሻው ለቤተሰብ ነው። «እኔ ልፈርምለት» አትበሉ። በአንቀጽ 12 መሠረት አካል ጉዳተኛ እንደማንኛውም ሰው ሕጋዊ ችሎታ አለው፤ ማለትም በራሱ ጉዳይ ራሱ መወሰንና መፈረም ይችላል። እርዳታ ካስፈለገ ሰነዱን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት፣ ወይም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይጠራለት፤ እስክሪብቶውን ግን እሱ ይያዝ።