ለሱቅ ታፔላ ‹የጠፈር› ፊደል እንዴት ይሠራል?

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ ስትሄዱ ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ያሉትን ሱቆች ልብ በሏቸው። ሞባይል ጥገናው፣ ጌም ቤቱ፣ የመኪና ዕቃ መሸጫው፣ ሁሉም ከጠፈር ፊልም የወጣ የሚመስል ወፍራም ፊደል ያምረዋል። ለእነሱ ያስኬዳል። ለሽሮ ቤት ግን ይቅርባችሁ፤ ሽሮው ከማርስ የመጣ ይመስላል።

የፊደሉ ጠባይ እንዲህ ነው። ወፍራምና ሰፊ ነው፤ ክብ የነበረው ሁሉ ጠርዙ የለሰለሰ አራት ማዕዘን ይሆናል። የዚህ ዓይነቱ ታዋቂ ምሳሌ ጣሊያናዊው አልዶ ኖቫሬዜ እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጣው ዩሮስታይል ነው።

መጀመሪያ በዚህ ፊደል የሚጻፈውን ለዩ። የሱቁ ስም ብቻ ይበቃል። ስልክ ቁጥሩና የአገልግሎቱ ዝርዝር በተራ ፊደል ይሁን።

ቀጥሎ ለላቲኑ ጽሑፍ ፎንት አውርዱ። ኦርቢትሮን በነጻ ይገኛል። በዚህ አካባቢ ታፔላው ላይ አፋን ኦሮሞም ይኖራል። ቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ረጅሙን አናባቢ ሁለት ጊዜ ስለሚጽፍ ቃሉ ይረዝማል፤ ፎንቱ ደግሞ ቦታ ይበላል። ስለዚህ ሰሌዳው ከመቆረጡ በፊት የቁቤውን መስመር ለኩ። ካልበቃ መጠኑን ቀንሱ እንጂ ፊደሉን ከጎን አትጨፍልቁት። ቋሚው መስመር ቀጥኖ አግዳሚው ወፍራም ይቀራል፤ ያስጠላል።

አሁን ዋናው ሥራ። ኦርቢትሮን ውስጥ የአማርኛ ፊደል የለም። ዝም ብላችሁ ከጻፋችሁ ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት ያመጣላችኋል፤ ላቲኑ ሌላ፣ አማርኛው ሌላ ይሆናል። መፍትሔው ራስ መሳል ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ያዙ፤ እሱም ነጻ ነው። በጣም ወፍራሙን መርጣችሁ ስሙን ጻፉና በኢሊስትሬተር ወይም በኢንክስኬፕ የሥዕል ፕሮግራም ወደ ከርቭ፣ ማለትም ቅርጹ ወደሚነካካ መስመር፣ ቀይሩት። ከዚያ ክቡን ወደ አራት ማዕዘን አምጡት።

‹ዐ›፣ ‹ወ›፣ ‹መ› እና ‹ፀ› ሳያስቸግሩ ይታዘዛሉ። ጣጣው ያለው ከግዕዙ ወዲያ ባሉት ነው። ‹ቡ›ን ከ‹ቢ› የሚለየው በቀኝ የምትወጣው ትንሽ ክንድ ያለችበት ቦታ ነው፤ በአንዱ ወገቡ ላይ፣ በሌላው እግሩ ሥር። ፊደሉ ሲወፍር ክንዷ ታጥርና ከአስፋልቱ ማዶ ሁለቱም ‹በ› ይመስላሉ። የ‹ቤ› ቀለበትም ቀዳዳው ይደፈናል። ስለዚህ ክንዷን ከግንዱ ቀጠን፣ ግን ረዘም አድርጓት። ቀለበቱን አፉ የተከፈተ ትንሽ ሳጥን አድርጉት። ‹ቡና ቤት› ብላችሁ ሞክሩት፤ ሁለቱንም ችግር አንድ ላይ ያሳያችኋል።

በኤ4 አትሙና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ራቅ ብላችሁ እዩት፤ ስሙን የማያውቅ ሰውም አስነብቡ።

ታፔላው ላይትቦክስ (ከውስጥ የሚበራ) ከሆነ ማታ ብርሃኑ ነጩን ፊደል ያወፍረዋል። ስቲከሩ ከመቆረጡ በፊት ቀዳዳዎቹን ትንሽ ሰፋ አድርጓቸው።