የመታጠቢያ ቤት እብነ በረድ ሲደበዝዝ፣ ሲጠቁርና ሲነቀል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምና ባሕር ዳር ባሉ ቤቶች እብነ በረድ አነጥፋለሁ። ካነጠፍኩት ይልቅ ግን ሌላ ሰው አንጥፎት ተበላሽቶ የምጠግነው ይበልጣል። ስለ ውሃ ልክና ወለሉን ወደ ፍሳሹ ስለማዘንበል አላወራም፤ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር መውረድ እንዳለበት አንጣፊ ሁሉ ያውቀዋል።

ምልክት፦ ነጭ፣ የደበዘዘ ጠባሳ፤ ቢታሽም አይለቅም

አብዛኛው የሚደወልልኝ ለዚህ ነው። ባለቤቱ «ቆሻሻው አልለቅ አለ» ይላል። ቆሻሻ አይደለም፤ ድንጋዩ ተበልቷል። ቦታውን በውሃ አርጥቡት። ጠባሳው ጠፍቶ ሲደርቅ ተመልሶ ከመጣ አሲድ ሳይነካው አልቀረም። አሁንም ከተጠራጠራችሁ የስልካችሁን መብራት ወለሉ ላይ አስጠግታችሁ በጎን አብሩ፤ የተበላው ቦታ ብርሃን አይመልስም።

ምክንያቱ ይህ ነው። እብነ በረድ በሙቀትና በግፊት የበሰለ የኖራ ድንጋይ ነው። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ መንገድ ዳር የምታዩት የኖራ ድንጋይና የመታጠቢያ ቤታችሁ ወለል ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው። አሲድ ሲነካው ይፈላል፣ ጋዝ ይወጣዋል፣ ገጹ ይሟሟል። ቧንቧ አፍ ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትም ዋናው ነገሩ ያው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ስለዚህ ቅርፊቱን የሚያነሳ ፈሳሽ ድንጋዩንም ያነሳል። ሁለቱን የሚለይ አሲድ የለም፤ «እብነ በረድ አይነካም» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው እያታለላችሁ ነው።

ደብረ ማርቆስ አንድ ቤት ለጥር ሠርግ ሽር ጉድ ይባላል። ለሴራሚክ ተብሎ በሃይላንድ የተቀዳ፣ ምንም ያልተጻፈበት አሲድ ተገዝቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ፈላ። አረፋውን ሲያዩ «ቆሻሻው እየወጣ ነው» ብለው ተደሰቱ። ሲደርቅ ነጭ ሆነ፤ አልጠራም ብለው ሁለተኛውን ሃይላንድ ደገሙት። ስደርስ መዳፌን አሳለፍኩበት፤ እንደ ጠመኔ ይሻክራል፣ ዱቄቱም እጄ ላይ ቀረ። ፍሳሹ ዙሪያ መገናኛው ተከፍቶ ውሃው ወደ ሥር ይገባ ነበር። «ልጄ፣ ለነገ ይደርሳል?» አሉኝ የሙሽራዋ እናት። «አይደርስም እትዬ» ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? ከሠርጉ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ተንበርክኬ ሠራሁት።

ፍኖተ ሰላም ደግሞ አሲድ የሚባል ነገር ቤቱ አልገባም ብለው ማሉልኝ። ጠባሳው መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ነበር፤ ክብ፣ የሳንቲም ያህል፣ ከጎኑ ሁለት የተንጠባጠበ ነጥብ። የተቆረጠ ሎሚ ነው፤ ለፀጉር ተጨምቆ እዚያው ተደፍቶ አድሯል።

ባሕር ዳር ያየሁት ከሁሉም አናደደኝ። ማንም ምንም አላፈሰሰም። ክዳኑ የላላ የአሲድ ጠርሙስ ቁም ሳጥን ሥር ተቀምጦ፣ ትነቱ ብቻ ወለሉን አደብዝዞ የበሩን ማጠፊያ አዝጎታል። ጠርሙሱን ከቤት አውጡት። እባካችሁ ደግሞ አሲድና በረኪና በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ ይገድላልም።

መፍትሄው እንደ ጥልቀቱ ነው። ጥፍር የማይዘው ድብዛዜ በእብነ በረድ መወልወያ ዱቄትና በእርጥብ ጨርቅ እየታሸ ይመለሳል። ጥፍር ከያዘው ግን በዳይመንድ ፓድ፣ ማለትም የአልማዝ ብናኝ ባለው መፈግፈጊያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይልማል፦ ከ400 ጀምሮ 800፣ 1500፣ 3000፣ ሁልጊዜ በውሃ። ቁጥር አትዝለሉ፤ የ400 ጭረት በ3000 አይጠፋም። ጠባሳውን ብቻ ነጥላችሁ አትፈግፍጉ፤ ጎድጉዶ ውሃ ያቁራል። ለመታጠቢያ ቤት ወለል እኔ የምመክረው 400 ላይ ማቆም ነው። እንደ መስታወት ያበራ ወለል ሳሙና ሲነካው ያንሸራትታል፣ ትንሽ ጠባሳም ያሳብቅበታል።

ከዚያ በኋላ በለዘብተኛ ፈሳሽ ሳሙናና በውሃ ብቻ እጠቡት፤ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና አድርቁት። ማሸጊያ ቀብቻለሁ ብላችሁ አትዘናጉ። ማሸጊያ ዘይትና ቀለም እንዳይሰርግ ያዘገያል እንጂ አሲድን አይከለክልም። ውሃ ጠብ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ድንጋዩ ከጠቆረ ማሸጊያው አልቋል።

ምልክት፦ የጠቆረ፣ ቅባት የመሰለ ጥላ

የፀጉር ቅቤ ነው። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ እንደ ሊጥ አቡኩ፣ በወፍራሙ ለጥፉበት፣ በፌስታል ሸፍናችሁ አንድ ቀን አሳድሩ፤ ከዚያ ገልጣችሁ እስኪደርቅ ተዉት። ቅባቱን ይመጠዋል፤ አንዳንዴ ሦስት ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። የእንሶስላ ቀለም ከሆነ በውሃው ፋንታ ከፋርማሲ የሚገዛ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ተጠቀሙ፤ ነጭ ድንጋይ ላይ ብቻ፣ ጥቁሩን ያነጣዋል።

ምልክት፦ ቡናማ ዝገት

ድንጋዩ ላይ የተቀመጠ ቆርቆሮ ነው፤ አለዚያም ድንጋዩ ውስጥ ያለ ብረት ውሃ ጠጥቶ ዝጓል። ሁለተኛው መዳኛ የለውም፤ ውሃው ከየት እንደሚገባ ፈልጉ።

ምልክት፦ ነጩ ድንጋይ ግራጫ ሆነ

በጥቁር ሲሚንቶ ተለጥፏል። ከመቀየር ሌላ መላ የለውም። ነጭ ድንጋይ በነጭ ማጣበቂያ!

ስትገዙ

መልኩ እብነ በረድ የሆነ ሴራሚክ በእብነ በረድ ዋጋ ይሸጣል። ቁራጭ ለምኑና ሎሚ ጠብ አድርጉበት፤ ከደቂቃዎች በኋላ ሲጠረግ ካልደበዘዘ እብነ በረድ አይደለም። ከመተከል በኩል የመጣም ይሁን ከውጭ የገባ፣ ጀርባውን አርጥባችሁ ሲደርቅ እዩት፤ የተሰነጠቀው መስመር እርጥብ ሆኖ ይቆያል።

ምልክት፦ የግድግዳው ንጣፍ ተነቅሎ ወደቀ

2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እብነ በረድ በካሬ ሜትር ወደ 54 ኪሎ ይመዝናል። የጭቃ ግድግዳ ይህን አይሸከምም፤ ላዩ በሲሚንቶ ቢለሰንም አይሸከምም። እንዲህ ባለ ቤት ወለሉን በእብነ በረድ አንጥፉ፣ ግድግዳውን ግን በብሎኬት ገንቡ፤ ካልሆነም ልስኑን ቀለም ቀብታችሁ ተዉት።